ፈልጋ ያገኘችው ስም

መሥሪያ ቤት ሳለች "አራት ነጥብ" ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ ተላላኪ ነው። ከእጇ የሚወጣ ወረቀት ነጥቡ እንኳ ከቦታው ዝንፍ አይልም፤ እሷ ራሷም ንግግሯን ከጨረሰች ጨረሰች ነው፣ ቢጎተጉቷት አንድ ቃል አትጨምርም። ሠላሳ አንድ ዓመት በታይፒስትነት አገልግላ ጡረታ ስትወጣ፣ የሽኝት ደብዳቤ የሚያዘጋጁላት ሰዎች እውነተኛ ስሟ ጠፍቷቸው መዝገብ ቤት ድረስ ሄደው ነበር።

ሥራዋን ከመውደድም አልፋ ታመልከው ነበር ማለት ይቻላል። መንገድ ላይ ስትሄድ መድኃኒት ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካየች ቆማ ታነበዋለች፤ ፊደል ከተዘለለበት ገብታ ሳትናገር አታልፍም። ልጇ በልጅነቷ በዚህ ነገር ስንቴ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብላለች። "እማዬ፣ ተይው፣ የኛ አይደለም" ስትላት፣ እናት "የተበላሸ ነገር አይቶ ዝም ማለትም ማበላሸት ነው" ትላት ነበር።

ያቺ ልጅ አንድ ለናቷ ናት። አባቷ ገና ጡት ሳትጥል ስለሞተ እናቷ ናት ብቻዋን ያሳደገቻት። አድጋ ባሕር ተሻግራ ሄደች፤ እዚያም ብዙ ነገር ሞክራ በመጨረሻ የከተማ አውቶብስ ነጂ ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ ለእናቷ የአውሮፕላን ቲኬት ላከችላት። እናት ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ከአገር ወጥታ አታውቅም።

የመጀመሪያው ሳምንት ፌሽታ ነበር። እናት ጠዋት ጠዋት ከልጇ ጋር ወጥታ፣ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ተቀምጣ፣ አውቶብሱ ከሚነሣበት እስከሚያድርበት አብራ ትመላለስ ነበር። ተሳፋሪ ሲገባ በራሷ ቋንቋ "ልጄ ናት" ትላለች፤ የሰማት ሁሉ ባይገባውም ራሱን ይነቀንቅላታል። ልጅቷ በመስተዋቱ እያየቻት ሳቋን ትውጣለች። እንዲህ ከተሳሳቁ ዓመታት አልፈው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የልጅቷ የዕረፍት ቀን ደረሰ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የድሮ የጡብ ፋብሪካ አለ። ያ አገር በጦርነት ሲታመስ፣ ወታደሮች ሰዎችን ከየቤታቸው እየለቀሙ እዚያ አጉረው፣ በቡድን በቡድን እየወሰዱ ጨርሰዋቸዋል። አሁን እንዳለ ተጠብቆ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። ልጅቷ አንድ ጊዜ አይታው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበርና እናቷም እንድታየው ፈለገች። እናት መጀመሪያ አልተዋጠላትም። የሰው ሐዘን ለማየትም ቲኬት ይቆረጣል ወይ ብላ አሾፈች። ልጅቷ ግን ለመነቻት፤ ሄዱ።

አስጎብኚዋ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ከሌሎች አሥር የሚሆኑ ጎብኚዎች ጋር አስከትላ ጡብ ይተኮስበት በነበረው ረጅም ክፍል አስገባቻቸው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ጥላሸት የጠጣ ነው። ሰዎቹ በጥፍራቸው ይሁን በሚስማር የጫሯቸው ጭረቶች እስከ ወገብ ድረስ ይታያሉ፤ ከወገብ በላይ የለም፤ ቆሞ የሚጽፍ ጉልበት የነበረው ሰው አልነበረማ። ልጅቷ በጆሮዋ እያንሾካሾከች ስትተረጉምላት እናት መሐረቧን አውጥታ ዓይኗን ጠራረገች። ሐዘኗ እውነተኛ ነበር። የሰው አገር የሰው ልጅ መከራ ነው፣ እሷም ሰው ናት፣ አዘነች።

የመጨረሻው ክፍል የፋብሪካው ቢሮ የነበረው ነው። እዚያ ስትገባ የገዛ ቤቷ የገባች ያህል እግሯ ቀለላት። መሳቢያው የላላ፣ ወንበር የተጠጋበት ጠረጴዛ አለ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የጽሕፈት መኪና አለ፣ ቁልፎቹ በጣት ብዛት ልሙጥ ሆነው አልቀዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ በመስታወት የተሸፈኑ ወረቀቶች ከዳር እስከ ዳር ተሰቅለዋል፤ ከየቤታቸው እንዲለቀሙ የታዘዙ ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። ወደ አንዱ ተጠጋች። ቋንቋውን አታነብም። ሥራውን ግን ታነባለች። ኅዳጉ ከላይ እስከ ታች በክር የተሰመረ ይመስላል። ስም በስም ሥር፣ ቁጥር በቁጥር ሥር ነው። የፊደሉ አመታት እኩል ነው፤ አንዱ ደምቆ አንዱ አልፈዘዘም። የተፋቀ የለም፣ የተሰረዘ የለም። ይህን ያህል ገጽ ያለ አንድ ስሕተት መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ልቧ ሞቀና፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

"አቤት፣ እጇ ይባረክ" አለች።

ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበርና ሁሉም ዞር አሉ። አስጎብኚዋ ፈገግ ብላ እናትሽ ምን አሉ ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ምንም አላለችም ብላ ልታልፈው ሞከረች።

እናት ገባት። "ንገሪያት እንጂ" አለቻት፤ "ምን ነውር አለው? የጻፈችው ልጅ ባለሙያ ናት ነው ያልኩት።"

ልጅቷ ሌላ ነገር መፍጠር አልሆነላትም፤ ነገረቻት። አስጎብኚዋ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ከወረቀቱ በስተቀኝ በኩል አንድ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ ቆሞ ነበር። አሁን ጣቱን ከመስታወቱ ላይ ሳያነሣ ተናገረ፤ ልጅቷም፣ ማንም ተርጉሚ ሳይላት፣ ቃል በቃል ለእናቷ አስተላለፈች።

"እውነትዎን ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው" አለ ሽማግሌው። "በእኛ ሰፈር የአንድ ሰው ስም ብቻ ተሳስቶ ተጽፎ ነበር። ወታደሮቹ የሌለ ሰው ስም ሲጣሩ ዋሉ፤ አቤት የሚል ሲጠፋ ሄዱ። ሰውየው ዳነ። የእናትና አባቴ ስም ግን ትክክል ነበር። እኔን ያሳደገኝ ያ የዳነው ሰው ነው።"

ይህን ብሎ ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፈ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እናት የምታይበት ብታጣ ዓይኗን ወደ ገጹ ግርጌ ጣለችው። በስተግራ ጥግ ሁለት ትንንሽ ፊደላት አሉ። ሌላው ጎብኚ የፋይል ቁጥር ይመስለዋል፤ እሷ ግን ምን እንደሆኑ ታውቃለች። ታይፒስቷ የስሟን መነሻ ያኖረችበት ነው። እሷም በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በጻፈችው ወረቀት ሁሉ ግርጌ እንዲሁ ታደርግ ነበር። የልጇን ክንድ ያዘች። ልጅቷ ሽማግሌውንም አስጎብኚዋንም ደጋግማ ይቅርታ ጠይቃ እናቷን እየደገፈች ወጣች።

የአውቶብስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ልጅቷ፣ እንዲህ ያለ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ከአፍሽ ይወጣል ብላ ወቀሰቻት። እናት አልመለሰችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝምታዋ አራት ነጥብ ነበር። በዚያን ቀን ግን፣ ልጅቷ ሳትጠብቀው፣ ቀጠለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች።

በገዛ አገራቸው ጦርነት ጊዜ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከእስር ቤቱ ጋር በተያያዘው ቢሮ ትሠራ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃዋ በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ጥሎላት ወደ ስብሰባ ሮጠ። ርእሱ "የሚዛወሩ እስረኞች ዝርዝር" ይላል፤ አርባ ሦስት ስም አለበት። መኪና ውጭ ቆሞ ወረቀቱን ይጠብቃል፣ ቶሎ በይ ተብላለች። ረቂቁ ላይ ውሃ ተደፍቶበት ስለነበር ሃያ ስምንተኛው መስመር ሟሙቶ ከእስረኛው ቁጥር በቀር ቀለም ብቻ ሆኗል። የቢሮው ደንብ ግልጽ ነበር፤ የማይነበብ ነገር ካለ ቦታው በነጠብጣብ ይሞላና ወረቀቱ ይሄዳል፣ ጉድለቱ በኋላ ይታያል። በነጠብጣብ የሄደ ወረቀት ግን ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ተነሥታ መዝገብ ቤት ወረደች። ቁጥሩን ይዛ የማኅደር መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች በረበረች። ከሩብ ሰዓት በኋላ አገኘችው፤ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ሥራውን፣ የቤት ቁጥሩን። ታውቀዋለች። በሰፈራቸው የማታ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው ነው፤ እናቱና ታናሽ እህቱ መንገዱ ማዶ የክርና የቁልፍ ሱቅ ከከፈቱ ገና ዓመታቸው ነው። ተመልሳ ወጥታ በቦታው ጻፈችው። ነጠብጣብ የሌለበት፣ አርባ ሦስት ስም የሞላ፣ ንጹሕ ወረቀት ሆነ።

አለቃዋ በኋላ ሲሰማ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር ብሎ አመሰገናት። ያን ቀን ደስ ብሏት ቤቷ ገባች። ልጇ ፊት መናገር ያቃታት ይሄ ነበር፤ ደስ ብሏት መግባቷ።

በአምስተኛው ቀን የእስረኞቹ ቤተሰቦች ምግብ ይዘው ሲመጡ ከበሩ ላይ ተመለሱ፤ ከዛሬ ጀምሮ አታምጡ ተባሉ። የተዛወሩት መገደላቸው ከተማው ሁሉ ገባው። ከዚያ በኋላ ዝርዝር የሚባል ነገር ወደ ጠረጴዛዋ አልመጣም፤ ያ የመጨረሻው ነበር። እስር ቤት የቀሩት በሦስተኛው ወር ተፈትተው ወደየቤታቸው ገቡ።

ልጅቷ አዳምጣ ስታበቃ እናቷን ማጽናናት ፈለገች። "ታዘሽ ነው እኮ፣ እማዬ። አንቺ ባትጽፊው ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር።"

"ጻፊ ብለውኛል" አለች እናት። "ፈልጊ ያለኝ ግን የለም።"

ልጅቷ፣ "የዩኒፎርሜን ቁልፍ የምንገዛው ከዚያ ሱቅ አልነበረም?" አለቻት።

"ከዚያው ነው።"

"ያን ጊዜ ሁሉ ታውቂ ነበር ማለት ነው።"

"አውቅ ነበር።"

አውቶብሱ መጣ። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ክፍት ቦታ እያለ ከኋላዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በቀሩት አሥር ቀናት ልጅቷ ምንም አላጓደለችባትም፤ ታበስልላታለች፣ ብርድ እንዳይመታት ካፖርቷን ታቀብላታለች። ግን ጠዋት ስትወጣ አብረሽኝ ነይ አላለቻትም፤ እናትም ልምጣ አላለችም። ከመስኮት ሆና የልጇ አውቶብስ በታች በኩል ሲያልፍ ታየዋለች። ለመመለስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ሻንጣ እያሰሩ፣ ልጅቷ አቀርቅራ ጠየቀቻት።

"ለእህቱ ልትነግሪያት ነው?"

"እንጃ።"

"ካልነገርሻትማ፣ ለኔ ለምን ነገርሽኝ?"

አገሯ በገባች በሦስተኛው ቀን ወደ ሱቁ ሄደች። የክር ሱቋ ባለቤት፣ የመምህሩ ታናሽ እህት፣ አሁን ከሃምሳ ያለፈች ሴት ናት፤ እናቷ ከሞተች ቆይቷል። ደንበኛዋ ስለሆነች በደስታ ተቀብላ፣ እትዬ እንኳን ደህና ገቡ፣ አገሩ እንዴት ነበር፣ ልጅዎ እንዴት ናት ብላ በጥያቄ አጣደፈቻት። ታይፒስቷ ስድስት ነጭ ቁልፍ ገዝታ ወጣች። በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች፤ በዚያን ቀንም ዚፕ ገዝታ ወጣች። ዚፑን የምትሰፋበት ልብስ እንኳ አልነበራትም። ቤቷ ገብታ ዚፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስታየው ራሷን ተጸየፈች። ሠላሳ ስድስት ዓመት እዚያ ሱቅ የምትመላለሰው ለምን እንደነበረ ያኔ ገባት። ክር ለመግዛት አልነበረም። ሴትየዋ "እትዬ" ብላ በፈገግታ በተቀበለቻት ቁጥር፣ እሷ ሳታውቅ ይቅርታዋን እየሰረቀቻት ነበር።

በማግስቱ ሦስተኛ ጊዜ ሄደች። ባለ ሱቋ ብቻዋን ነበረች፤ ላስቲክ በሜትር እየለካች ትጠቀልላለች። ዛሬስ ምን ልስጥዎት አለቻት።

"ዛሬ ልገዛ አልመጣሁም" አለች ታይፒስቷ። "የወንድምሽን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ሴትየዋ አልገባትም። "የት?"

"ዝርዝሩ ላይ።"

ቆማ ነገረቻት፤ ተቀመጭ ያላትም የለ። ውሃ የተደፋበትን መስመር ነገረቻት፤ ነጠብጣቡን፣ መዝገብ ቤት መውረዷን፣ ሩብ ሰዓቱን አልደበቀችም። ታዝዤ ነው የሚለው ቃል አፏ ድረስ ቢመጣም መለሰችው። ሴትየዋ ላስቲኩን መጠቅለሏን አላቆመችም። ጠቅልላ ጨርሳ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችውና ከመደርደሪያው ላይ አኖረችው። ከዚያ ነው የተናገረችው።

"ቀኑ ስንት ነበር?"

ታይፒስቷ ይህን አልጠበቀችም። ቀኑን ግን በደንብ ታውቃለች፤ ከገጹ ራስጌ በስተቀኝ የጻፈችው እሷ ናት። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ነገረቻት። መኪናው በር ላይ ቆሞ ስለነበር በዚያው ቀን እንደተወሰዱም ነገረቻት።

"እናቴ ቀኑን ሳታውቅ ሞተች" አለች ባለ ሱቋ። "ምግብ አታምጡ ካሉን በኋላ መቼ እንደጨረሷቸው በእርግጥ የነገረን የለም፤ አንዱ ከክረምት በፊት ነው ይለናል፣ አንዱ በኋላ ነው ይለናል። በየትኛው ቀን እንደምናለቅስ እንኳ ሳናውቅ ነው የኖርነው። አንቺ በየጊዜው እየመጣሽ እዚህ ትቆሚ ነበር።" በዚያን ሁሉ ዓመት "እርስዎ" ነበር የምትላት። "ሂጂልኝ አሁን" አለቻት።

ሄደች። ለልጇ ደውላ ነገርኳት አለቻት። ምን አለችሽ ስትላት፣ ቀኑን ጠየቀችኝ አለቻት። በስልኩ ውስጥ ልጅቷ ስታለቅስ ተሰማት።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት በሯ ተንኳኳ። ባለ ሱቋ ናት፤ አንድ ሽማግሌና ሁለት ሴቶች ይዛለች። የሌሎቹ እስረኞች ዘመዶች ናቸው። ባለ ሱቋ ሰላምታም ሳትሰጥ፣ የጻፍሻቸውን ስሞች ታስታውሻለሽ ወይ አለቻት። ከዚያ ዝርዝር ላይ የትኛው ሰው ነበረ፣ የትኛው አልነበረም፣ እስከ ዛሬ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ታይፒስቷ በጭንቅላቴ አላስታውስም አለች። ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነችና ሁለት እጇን እንጨቱ ላይ ዘረጋች። ጣቶቿ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንድ ስም መጣ። ቆየት ብሎ ሌላ። ባለ ሱቋ ከፊቷ ተቀምጣ የተማሪ ደብተር ላይ ትጽፋለች። እስኪመሽ ድረስ አሥራ ሰባት ስም ከነአባቱ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ጣቶቿ ቆሙ።

ዓይኗን ስትገልጥ ደብተሩ ላይ አንዱ ስም ፊደሉ ተሳስቶ አየች። እጇ ሊያርመው ብድግ አለ፤ መልሳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። የሽማግሌው ወንድም ስም ነበር። ሽማግሌው ራሱ አየውና እስክሪብቶውን ተቀብሎ በእጁ አስተካከለው። ጨርሶ ቀና ሲል፣ "እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ እህት" አላት።

ታይፒስቷ ምድር ብትከፈት ትገባ ነበር። ለወቀሳ ቃል ሁሉ ተዘጋጅታ ጠብቃለች፤ ምስጋና ግን የት እንደምታስቀምጠው አታውቅም። ሽማግሌው ያኔ ያመሰገናትን አለቃዋን መሰላት። የደረሰላት ባለ ሱቋ ናት።

"አታመስግኗት" አለቻቸው። ድምፅዋ አልጨከነም፤ ልክ ሻይ አታፍሉላት እንደማለት ነበር። ታይፒስቷ ቀና ብላ አየቻት፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ እንደዚያ ያሳረፋት ቃል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ክር የምትገዛው ከሌላ ሰፈር ሆነ። በመንገድ ሲገናኙ ባለ ሱቋ አንዳንዴ ራሷን ትነቀንቅላታለች፣ አንዳንዴ እንዳላየች ታልፋታለች። ታይፒስቷ ሁለቱንም እንደ አመጣጡ ትቀበላለች።

ዓመት ዞሮ ሰዎቹ የተወሰዱበት ቀን ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ባለ ሱቋ እንደገና በሯን አንኳኳች። አልገባችም፤ ደፉ ላይ ቆማ ነው የተናገረችው። የአሥራ ሰባቱ ቤተሰቦች ነገ መምህሩ ያስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ግቢ ተሰብስበው ሙታናቸውን ሊያስቡ ነው። ሽማግሌው እሷም ትጠራ ብሎ ነበር፤ ተከራክረውበታል።

"አትምጪ ልልሽ ነው" አለቻት። "ሰው ልኬ ማስነገር ነውር መሰለኝ፣ ራሴ መጣሁ።"

"እሺ" አለች ታይፒስቷ።

ባለ ሱቋ የምትሄድ መስላ ቆመች። "ከርሞ እንጃ" አለች። ከዚያ ደረጃውን ወረደች።

በማግስቱ ታይፒስቷ ከቤቷ አልወጣችም። ልጇ ደውላ ምን እየሠራሽ ነው አለቻት። ምንም፣ ተቀምጫለሁ አለቻት። ልጅቷም እንግዲያው አብሬሽ ልቀመጥ አለቻት፤ ስልኩን ሳይዘጉ፣ እምብዛም ሳይነጋገሩ፣ የልጅቷ ፈረቃ እስኪደርስ ቆዩ።